ፕሮፔን ሲሊንደር ባለበት ትሬለር ላይ የመወዛወዝ መቆጣጠሪያ መግጠም፦ የትኛው ለየትኛው ተሳቢ?

ትራቭል ትሬለር (በመኪና የሚጎተት የዕረፍት ቤት) ገዝቶ የመወዛወዝ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ተሳቢው መንገድ ላይ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ የሚይዝ ዕቃ፣ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ፓውንድ እንደሚችልና ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ሜትር ይዞ ተሳቢው ፊት መንበርከክ ያስፈልጋል። ዕቃው የሚታሰርበት ብረት ላይ ምን ተቀምጧል? የአሜሪካን ትራቭል ትሬለር ያየ መልሱን ያውቀዋል፤ ክሪክ፣ ሁለት የፕሮፔን ሲሊንደር፣ ባትሪ፣ በነሱ መካከል ደግሞ የፍሬን ሽቦና የጋዝ ቧንቧ። መቆጣጠሪያውን የሚያመርቱት ፋብሪካዎችም ዓይናቸውን የጣሉት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ነው። ከኛ ሰው ከባድ መኪና በመንዳት የሚተዳደረው ብዙ ነው፤ ለቤተሰቡ ዕረፍት በፒካፕ ትሬለር መጎተት የጀመረም አለ። የከባድ መኪና ልምድ ትልቅ ሀብት ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ያሳስታል። በሰሚ (ትልቁ ባለተሳቢ የጭነት መኪና) ላይ ተሳቢው የሚያርፈው የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች አናት ላይ ነው፤ ስለዚህ ተሳቢው ወደ ጎን ቢገፋ ትራክተሩን ለማዞር የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው። በፒካፕ ላይ ግን ተሳቢው የሚያያዝበት የብረት ኳስ ከኋላው አክሰል ጀርባ፣ ከባምፐሩም አልፎ ነው ያለው። ነፋስ ወይም አጠገብ የሚያልፍ ከባድ መኪና ተሳቢውን በገፋው ቁጥር ያ ርቀት እንደ ማንሻ ሆኖ የፒካፑን ጀርባ ይወረውረዋል፤ መሪው ተነካ ማለት ነው። መቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ የሚታገሉት ይህን ጉልበት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጋዙ ፋብሪካው ባስቀመጠው ቦታ ይቆይ፤ ከሱ ጋር የሚስማማ ዕቃ ይመረጥ። የሚስማማ ከጠፋ ሲሊንደሮቹ የቆሙበት ትሪ በጥቂት ኢንች ይነሳ ወይም ይገፋ። ብራኬቱን፣ ማለትም መቆጣጠሪያውን ከተሳቢው ብረት ጋር የሚያስረውን መያዣ፣ ግን አምራቹ ካዘዘው ቦታ አውጥቶ «እዚህም ይይዛል» ማለት በምንም መንገድ ተገቢ አይደለም።

ቦታው ለምን ይጠባል

የተሳቢው ሁለት የሻንሲ ብረቶች ከቤቱ ሥር ወጥተው እየተጠጋጉ ይሄዱና ኳሱን በሚይዘው ካፕለር ላይ ይገናኛሉ። ይህ ኤ-ፍሬም የሚባለው ነው፤ በአብዛኞቹ ትሬለሮች ላይ ማዕዘኑ 50 ዲግሪ ነው። ሂች ፒካፑንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ዕቃ ነው፤ ክብደት አከፋፋይ የሚባለው ኳሱ ላይ ካረፈው ክብደት ከፊሉን ወደ ፒካፑ ፊት ይመልሳል። የዚህ ሂች ዘንጎች ከሂቹ ራስ ተነስተው ከነዚህ ብረቶች ሥር ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ርዝመታቸው 30 ኢንች አካባቢ ነው። ጫፋቸው የሚታሰረው ብረቱን ከላይ አቅፎ በሚይዝ ብራኬት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ50 ዲግሪ ማዕዘን ከመገናኛው ጫፍ ተነስታችሁ ብረቱን ተከትላችሁ 30 ኢንች ብትለኩ፣ እዚያ ላይ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 25 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ደግሞ ከ24 ኢንች በላይ ይወስዳሉ፤ የአንዱ ውፍረት 12 ኢንች ያህል ነውና። ትሪው ብረቶቹ ላይ ያርፋል፣ ሲሊንደሮቹን የሚከልለው የፕላስቲክ ሽፋን ከብረቱ ውጭ ይንጠለጠላል። ብራኬቱ የሚያቅፍበት ቦታ አጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ባለ30 ፓውንድ ሲሊንደር ያለው ሰው «በባለ20 ብቀይረው ቦታ ይገኛል» ብሎ ያስባል። ሁለቱ የሚለያዩት በቁመት እንጂ በውፍረት አይደለም፤ ባለ20 ፓውንዱ ወደ 18 ኢንች፣ ባለ30 ፓውንዱ ወደ 24 ኢንች ይቆማል። ቅያሬው ከላይ ያለ ነገር ካስቸገራችሁ ይጠቅማል፤ ከጎን ያለውን ጥበት ግን አይፈታም።

ከመግዛት በፊት የሚለካው

ሽፋኑን አንሱና ከኳሱ መቀመጫ መካከል እስከ ትሪው የፊት ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ። ቀጥሎ እስከ ሽፋኑ የፊት ጠርዝ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሻንሲው ብረት ቁመት ስንት ኢንች ነው? ባለ4፣ ባለ5 ወይስ ባለ6? ቅርጹስ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው ወይስ አንድ ጎኑ ክፍት? በትሪው ሆድና በብረቱ አናት መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩንም እዩ። በመጨረሻ በብረቱ ውስጠኛ ጎን እጃችሁን እየሰደዳችሁ ዳስሱ፤ የጋዝ ቧንቧውና የፍሬኑ ሽቦ ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቀው ያልፋሉ፤ የብራኬት መቆንጠጫም ሆነ የመብሻ ጫፍ የሚያገኛቸው እዚያ ነው። እነዚህን ቁጥሮችና ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር የተነሱ ፎቶዎችን ይዞ ሱቅ የገባ ሰው የማይሆነውን ዕቃ ተሸክሞ አይመለስም።

የተሳቢው ክብደትና ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደትም ይታወቅ። ኳሱ ላይ ማረፍ ያለበት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ተሳቢው ተጭኖ 6,000 ፓውንድ ከሆነ ከ600 እስከ 900 ፓውንድ ማለት ነው። ይህ ካልተሟላ የሚገጠመው ሁሉ ልፋት ነው፤ የመወዛወዝ ዋናው ምክንያት ከኋላ የከበደ ተሳቢ ነውና። ሲሊንደሮቹም የዚህ ሒሳብ አካል ናቸው። የሞላ ባለ30 ፓውንድ ሲሊንደር ከነቆርቆሮው 55 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ ሁለቱ 110። ለኳሱ ቅርብ ስለሆኑ አብዛኛው ክብደታቸው እሱ ላይ ያርፋል። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ሲሊንደር ወደ ኋላ ባምፐር የሚወስድ ሰው ከፊት ቀንሶ ከኋላ ይጨምራል፤ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣበትን መወዛወዝ በገዛ እጁ ይጠራል። የአሜሪካ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች ደረጃ የሆነው ኤን-ኤፍ-ፒ-ኤ 1192ም ሲሊንደርን የኋላ ባምፐር ላይ ማስቀመጥን ይከለክላል፤ ከኋላ የሚገጭ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

አማራጮቹ

*የፍሪክሽን ባር።* ከሁሉም ርካሹና ለመረዳት ቀላሉ ነው። አንዱ ጫፍ ሂቹ ላይ ባለች ትንሽ ኳስ፣ ሌላው የሻንሲው ውጪኛ ጎን ላይ በምትታሰር ትንሽ ኳስ ይያዛል፤ በመካከል ሁለት ብረቶች በፍሬን ሸራ ተጨምቀው ይንሸራተታሉ። ተሳቢው ወደ ጎን ሲሄድ ፍትጊያው ይይዘዋል። በሁለቱ ኳሶች፣ ማለትም በትልቁ የሂች ኳስና በሻንሲው ላይ ባለችው ትንሿ መካከል ያለው ርቀት 24 ኢንች መሆን አለበት። ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ ከትሪው ፊት ወይም ልክ ጠርዙ ላይ ይውላል፤ የሚታሰረውም ከውጭ ጎን ስለሆነ ብረቱን ማቀፍ አይፈልግም። ስለዚህ ከጋዙ ጋር ያለው ጠብ ከሁሉም ያነሰ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሽፋኑ ሰፊ ሆኖ ከብረቱ ውጭ ሲያልፍ ነው፤ ባሩ በመታጠፊያ ላይ ሲዞር ሽፋኑን ይፍቀዋል።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ክብደት አያከፋፍልም። ወደ ኋላ ስትነዱ መፍታት አለባችሁ፤ ካልሆነ በጠባብ መታጠፊያ ራሱም ይጣመማል፣ የታሰረበትንም ይነቅላል። በዝናብ፣ በበረዶና በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው መጭመቂያውን አላሉ ይላሉ፤ መንገዱ ሲያንሸራትት ፒካፑ ወደ ቀጥታ እንዳይመለስ ይከለክላልና። መቆጣጠሪያ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚጠፋ ዕቃ ነው ማለት ነው። ለትንሽና ቀላል ተሳቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ላለው አልመክረውም።

*ሰንሰለት ያላቸው ዘንጎችና የሪስ ዱዋል ካም።* የቆየው አሠራር ይህ ነው። የዘንጉ ጫፍ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ብረቱ ላይ ካለ ብራኬት ይያዛል፤ ብራኬቱ በማንሻ ወደ ላይ ተገፍቶ በፒን ይቆለፋል። አምራቹ ሪስ በዚህ ላይ ዱዋል ካም የሚባለውን ጨመረበት፤ ከሻንሲው የሚዘረጉ ክንዶች ጫፋቸው ላይ ያለው ጉብታ ከዘንጉ ሥር ይቀመጣል፣ ዘንጉም ቀጥታ በሚነዳበት ጊዜ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ተሳቢው ለመወዛወዝ ከዚያ መቀመጫ መውጣት አለበት። በተለይ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ የሚሰጠው እርጋታ ጥሩ ነው፤ ወደ ኋላ ለመንዳትም መፍታት አያስፈልግም።

ከጋዙ ጋር የሚጣላው ግን አጥብቆ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ብራኬቱ ከዘንጉ ጫፍ ትክክል በላይ ካልሆነ አይሆንም። ብራኬቱ በብረቱ አናት ላይ ወደ ውስጥ ስለሚያቅፍ ትሪው እዚያ ካረፈ አይገባም። ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛው የማንሻው ቦታ ነው፤ ብራኬቱ ሲቆለፍ ወደ ላይ ይዞራልና ሽፋኑ ካገደው ፒኑ ቀዳዳው ጋ አይደርስም። በግማሽ ቆመ ብሎ መተው ደግሞ ክፉ ነው። በዘንጉ ውስጥ ያለው ጉልበት ማንሻውን መልሶ ቢወረውረው ክንድ ይሰብራል። ሱቅ ስትሄዱ ብራኬቱ ተዘግቶ ብቻ ሳይሆን በሚዘጋበት ጊዜ የሚያልፍበትን መንገድ ጭምር ለኩ።

*ኢኳላይዘር።* ዩታ ውስጥ ፕሮቮ ከተማ የሚሠራው ይህ ሂች ሰንሰለት የለውም። ዘንጎቹ ሻንሲው ላይ በታሰረ የኤል ቅርጽ ብራኬት መደርደሪያ ላይ ያርፋሉ፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው ፍትጊያ መወዛወዙን ይይዘዋል፣ የሂቹ ራስም ላይ እንዲሁ። በእኔ ግምት ለመካከለኛ ቤተሰብ ትሬለር ከሁሉም የተመጣጠነው ነው። ከጋዝ አንጻር ያለው ብልጫ ዘንጉ መደርደሪያው ላይ ስለሚንሸራተት የብራኬቱ ቦታ አንድ ነጥብ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ መመሪያው በሚፈቅደው ርቀት ውስጥ ጥቂት ኢንች ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ሰንሰለት ያለውን ዘንግ ያገደ ትሪ ይህን ላያግደው ይችላል። ማንሻ የሚዞርበት ቦታም አይፈልግም።

ብራኬቱ ግን በቡሎን ብረቱን ከላይም ከሥርም ስለሚያቅፍ ትሪው ብረቱ ላይ ተጣብቆ የተኛባቸው ተሳቢዎች ላይ የላይኛው ቡሎን ማለፊያ ያጣል። ከመግዛት በፊት በትሪውና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ ያልኩት ለዚህ ነው። በመታጠፊያ ላይ የብረት ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሠራ ማለት ነው።

*ብሉ ኦክስ ስዌይ-ፕሮ።* ከነብራስካ የሚመጣ ነው። የሂቹ ራስ ተሳቢው ሁልጊዜ ወደ ቀጥታ መስመር እንዲመለስ በሚያስገድድ ዘዴ ተሠርቷል፤ ፍትጊያ ዋና መሣሪያው ስላልሆነ ድምፁ አነስተኛ ነው። ሰንሰለቱን የሚይዘው ብራኬት በቁልፍ የሚዞር ነው፤ ማንሻ ወደ ላይ መገፋት ስለሌለበት ሽፋን ባለበት ጠባብ ቦታ ይመቻል። ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ብራኬቱ በሁለት ዓይነት መምጣቱ ነው፤ አንዱ ብረቱን አቅፎ የሚቆነጥጥ፣ ሌላው በብረቱ ጎን በቡሎን የሚታሰር። አናቱ በትሪ በተሸፈነ ኤ-ፍሬም ላይ ሁለተኛው መንገድ ይከፍታል። ዋጋው መብሳት ነው፤ ስለ መብሳት ወደ ታች እመለስበታለሁ።

*አንደርሰን።* አይዳሆ ፎልስ ውስጥ የሚሠራው ይህ ሂች ዘንግ የለውም። ኳሱ ከሥሩ ካለ የፍሬን ሸራ ጋር እየተፋተገ ይዞራል፤ ሁለት ሰንሰለቶች ከሂቹ ሥር ተነስተው ሻንሲው ላይ እስካሉት ብራኬቶች ይወጠራሉ፣ በመጨረሻቸው ላስቲክ መሰል ሞላ አለ። ክብደቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ያለ ጭንቀት ያነሳዋል። ሰንሰለቱ ከብረቱ ሥር ስለሚያልፍና የብራኬቱ ቦታ እንደ ሌሎቹ በዘንግ ርዝመት ስለማይወሰን ብራኬቱን ከትሪው ፊት ወይም ኋላ ባዶ ቦታ ማግኘት ይቀላል። ከጋዙ ጋር ለመስማማት ከሁሉም የተመቸው እሱ ነው። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት በጣም ሲበዛ ግን ፒካፑ ፊት ላይ የሚመልሰው ክብደት የጠንካራ ዘንግ ያህል አይመስለኝም። ከመካከለኛ በታች ላለ ተሳቢ ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ፤ ረጅምና ከባድ ለሆነው ወደ ዘንጎቹ ተመለሱ።

*ሄንስሊና ፕሮፕራይድ።* ሁለቱም ሚሺጋን ውስጥ የሚሠሩ፣ ከጂም ሄንስሊ ፈጠራ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን የሰሚውን ጥቅም ወደ ፒካፕ የሚያመጡት ከዚህ ዝርዝር እነዚህ ብቻ ናቸው። በአራት ክንዶች አሠራር ተሳቢው የሚዞርበትን ነጥብ ከኳሱ አንስተው ወደ ፒካፑ የኋላ አክሰል ያስጠጉታል፤ ስለዚህ ነፋስ የሚገፋው ተሳቢ ፒካፑን የሚጠመዝዝበት ማንሻ አያገኝም። ሌሎቹ መወዛወዝን ያዳክማሉ፤ እነዚህ ከሥሩ ይነሡታል። ከባድና ውድ ናቸው፤ ዋጋቸው ከሺዎች ይጀምራል። ረጅም ተሳቢ በአጭር መኪና ለሚጎትት ሰው ገንዘቡ ይገባዋል።

ከጋዙ ጋር ያለው ጉዳይ እዚህ ልዩ ነው። ክብደቱ የሚከፋፈለው ኤ-ፍሬሙ ላይ በግራና ቀኝ በሚቆሙ ሁለት ትናንሽ ክሪኮች ነው። ሰንሰለትና ማንሻ የለም፤ ግን ቋሚዎቹ ወደ ላይ ስለሚወጡ ከሽፋኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሆናሉ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ መቆረጥ ወይም በጠባብ መለወጥ ይኖርበታል፤ ቁልፉ የሚዞርበት አናትም ነጻ መሆን አለበት። የተሳቢው የራሱ ክሪክም ሊጋረድ ስለሚችል እሱንም አብራችሁ ለኩ።

*ኤሌክትሮኒክስ።* ዴክስተርና ቱሰን የሚሠሯቸው ዓይነቶች ተሳቢው ሻንሲ ላይ ይታሰራሉ፤ መወዛወዝ ሲሰማቸው የተሳቢውን ኤሌክትሪክ ፍሬን ይጫናሉ። ኤ-ፍሬሙን ስለማይነኩ ከጋዝ ጋር ጉዳይ የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ ብዙ ፒካፖችም በሱ ላይ የተሳቢ መወዛወዝን የሚይዝ አሠራር አላቸው። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ግን የሚሠሩት መወዛወዙ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ክብደትም አያከፋፍሉም። ከላይ ካሉት ከአንዱ ጋር ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆኑም።

ካልገባ ምን ይደረግ?

ከቀላሉ ተነሱ። ያገደው የፕላስቲክ ሽፋኑ ብቻ ከሆነ የታችኛውን ጠርዝ መቁረጥ ምንም ጉዳት የለውም፤ ሲሊንደሩ ፀሐይና ዝናብ ቢነካውም ይችላል። ቫልቩ ጋ በቀላሉ መድረስ እንዲቻልና ከሥር አየር እንዲያልፍ ብቻ ይሁን፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ መውጫ ይፈልጋል።

ትሪው ካገደ እኔ የምመርጠው ማንሳት ነው። በትሪውና በብረቱ መካከል አንድ ወይም ሁለት ኢንች ቁመት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ አስገብቶ በረዘመ ቡሎን፣ በሮንዴላና በማይላላ ዳዶ ማሰር። ሲሊንደሮቹ ቦታቸውን ሳይለቁ፣ የክብደቱ ሚዛን ሳይነካ የብራኬቱ እጅ ከሥር ያልፋል። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚይዘው የመካከለኛ ዘንግ ከትሪው ጋር አብሮ መነሳቱን፣ ከሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ዕቃ) ወደ ቤቱ የሚሄደው ቱቦም አለመወጠሩን እዩ።

ወደ ኋላ መግፋት ሁለተኛው ነው። ከኋላ ባትሪ ወይም የቤቱ ግድግዳ ስላለ የሚገኘው ጥቂት ኢንች ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይበቃል። ቱቦ ካጠረ በመጎተት አይረዝምም፤ ሌላ ትክክለኛ ርዝመት ያለው ይገዛ። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ መታሰር አለበት፤ ተጋድሞ ከሆነ ፈሳሹ ቫልቩ ጋ ይደርሳል። ከትሪው ሥር ዝቅ አድርጎ በብረቶቹ መካከል ማንጠልጠል ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ድንጋይና የፈነዳ ጎማ ቁራጭ የሚያገኘው ቦታ ነውና አታድርጉት።

ሁለቱ ባይሆኑ አንድ ሲሊንደር በመካከል ማስቀመጥ ይቻላል። በበጋ ለሚጓዝ ቤተሰብ አንድ ባለ30 ፓውንድ ብዙ ቀን ይሄዳል፤ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያበራ ግን አይበቃም።

መብሳትና መበየድ

ሻንሲው ሸክሙን በአብዛኛው የሚሸከመው በላይኛውና በታችኛው ጠፍጣፋ ገጹ ነው፤ የቆመው ጎን መካከሉ ያን ያህል አይጨነቅም። ስለዚህ መብሳት ግድ ከሆነ ጎኑ ላይ፣ ወደ መካከል፣ በአምራቹ መመሪያ መጠን ብቻ ይሁን። የላይኛውንና የታችኛውን ገጽ አትንኩ። የዘመኑ ትሬለሮች ብረት ስስ ነው፤ እዚያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ በጊዜ ብዛት ስንጥቅ ይወልዳል። በስስ ቱቦ ላይ መቆንጠጫ ብሎኑንም በሚመጣላችሁ ጉልበት ሁሉ አታጥብቁ፤ ቱቦውን ያጎደጉደዋል፣ ጎደጎደ ማለት ደግሞ ደከመ ማለት ነው። የቶርክ ቁልፍ ተጠቀሙ።

ከመብሳት በፊት የጋዙ ቧንቧ በብረቱ ማዶ የት እንደሚያልፍ በዓይን ይታይ። ብየዳ ከሆነ ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ከተሳቢው ወርደው ራቅ ይበሉ፤ ቫልቭ መዝጋት ብቻ አይበቃም። የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ተሳቢውም ከፒካፑ ሶኬት ይለይ። ይህን ሥራ በሻንሲ ብየዳ ልምድ ለሌለው ሰው አትስጡ፤ ጎበዝ የበር ሠሪ ቢሆንም።

እኔ ብመርጥ

ተሳቢው ትንሽ ሆኖ ኤ-ፍሬሙ በጋዝና በባትሪ ለተጨናነቀ፣ አንደርሰንን። ተጭኖ ከ5,000 እስከ 8,000 ፓውንድ ለሚሆንና በትሪው ሥር ክፍተት ላለው፣ ኢኳላይዘርን። ለዚያው ክብደት ትሪው ብረቱ ላይ ከተኛ፣ መጀመሪያ ትሪውን ማንሳት ይሞከር፤ ካልሆነ ብሉ ኦክስን በጎን ከሚታሰረው ብራኬት ጋር። ዱዋል ካምን የምመርጠው ከፊት ሰፊ ቦታ ባለው ረጅም ኤ-ፍሬም ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ጥሩ ነው። ከ30 ጫማ በላይ ተሳቢ ይዞ ክፍት ሜዳና ነፋሻማ አገር ለሚያቋርጥ፣ አቅሙ ከፈቀደ ፕሮፕራይድን ወይም ሄንስሊን።

ከተገጠመ በኋላ

ጋዙ ትንሽም ቢነካ የማፍሰስ ፍተሻ ይደረግ። ቫልቮቹን ከፍቶ መገናኛዎቹን ሁሉ በሳሙና ውኃ መቀባት ነው፤ አረፋ ካበጠ ይዘጋና ይጠገናል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፣ ነሐሱን ይበላዋል። የተቆነጠጠና በቡሎን የታሰረ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ 50 ማይል በኋላ እንደገና ይጥበቅ።

ሲሊንደሮቹን ሲያስቡ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች ሌላም ነገር ያስቡ። በባልቲሞር ሐርበርም ሆነ በፎርት ማክሄንሪ ዋሻ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፤ ቫልቩ ቢዘጋም። ቀድሞ ማምለጫው የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ስለፈረሰ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው አሁን ሀይዌይ 695ን በከተማው ምዕራብ በኩል መዞር አለበት። ጂፒኤስ ይህን አይነግራችሁም።

መጨረሻ የሚደረገው ፍተሻ ባዶ ፓርኪንግ ይፈልጋል። ሽፋኑ በቦታው ሆኖ፣ ሲሊንደሮቹ ሞልተው፣ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ እያየ ወደ ግራ እስከሚቻለው ድረስ ጠባብ ዙሪያ ንዱ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ ኋላ። ፍሪክሽን ባር ከሆነ ወደ ኋላ ከመንዳታችሁ በፊት ይፈታል። ረዳቱ የሚያየው ዘንጉ፣ ሰንሰለቱ ወይም ባሩ ከሽፋኑ፣ ከጋዙ ቱቦና ከክሪኩ ጋር ያለውን ክፍተት ነው። አንድ ጣት የማያስገባ ቦታ ካለ ፒካፑ ጉድጓድ ሲዘል ይነካካል፤ ያን ቀን መንገድ አትጀምሩ፣ ትሪውን ወይም ብራኬቱን መልሳችሁ አስተካክሉ።